የዛፍ ሥሩና የሣር ሜዳው እንጉዳይ

አሮጊቷ እንጉዳይ ለቃሚ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው በጤና ጣቢያው በር ሲያልፉ፣ ላቦራቶሪ ከምትሠራው የእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም። ውስጥ የአናጢው ሚስትና ሁለት ልጆቿ ከትናንት ጀምሮ ያስመልሳቸዋል።

«አክስቴ፣ ቅርጫቱን ወዴት ነው?»

«ወደ ሰው ቤት። ምነው፣ ልትፈትሺኝ ነው?»

«የአናጢውን ቤተሰብ ያሳመመው የእርስዎ እንጉዳይ ነው።»

«አፍሽን ሰብስቢ! የጉድጓዱ ውኃ ነው። አርባ ዓመት ለቅሜያለሁ። ትል ያልበላውን አልነካም።»

«ትሉን የማይጎዳ ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ሆዳችን ይለያያል።»

«የኔን ሆድ ከትል ጋር አታወዳድሪብኝ!»

ሙያው የተነካበት ሰው ይጮኻል፤ ደግ ነው፣ ይጩህ። ጩኸት ግን አልጋ ላይ የወደቀ አያነሣም። ልጅቱ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸውና መስኮቱ ሥር ሁለት እንጉዳይ ያረፈበት ጠፍጣፋ መስታወት አሳየቻቸው።

«ይሄኛውን ከዛፍ ሥር ለቀምሁት፤ ያኛው ከአናጢው ቤት የተረፈ ነው። ሁለቱም ነጭ፣ ባርኔጣቸው ቅርፊታም፣ እግራቸው ባለ ቀለበት። ወንድማማች ናቸው። መስታወት ላይ ደፍቼ አሳደርኋቸው። ከባርኔጣቸው ሥር ካለው ሽንሽን የረገፈውን ዱቄት ይዩ፤ የዛፍ ሥሩ ነጭ፣ የአናጢው አረንጓዴ። አረንጓዴ የሚያረግፈው መርዘኛው ነው።»

አሮጊቷ አረንጓዴውን በጣታቸው ጠረጉ።

«ከሣር ሜዳው መልቀም የጀመርሁት ዐምና ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጉልበቴ ዛፎቹ ያሉበትን ዳገት እምቢ ሲለኝ። ዐምና... እናትሽ ስታስመልስ ሰንብታ ያረፈችው...»

«በዚህ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ አክስቴ።»

«እኔ አውቃለሁ። ሳህኑን ያቀረብሁላት እኔ ነኝ።» ከዚያ ደንግጠው ተነሡ። «ለልብስ ሰፊዋ ጠዋት ሰጥቻታለሁ!»

ቅርጫቱን እዚያው ጥለው በዚያ ጉልበታቸው ሮጡ። ልብስ ሰፊዋ ድስቱን ስታማስል ደረሱ።

«ድፊው!»

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ የሰጡኝ?»

«እኔ ነኝ። ስቼ ነው። ድፊው!»

እኒህ ሴት «ስቼ ነው» ሲሉ የሰማቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የተለቀመ ሁሉ ለልጅቱ ሳይታይ ድስት አይገባም፤ ዱቄቱ ነጭ ቢሆን እንኳ ሌላ መርዘኛ አለና ያጠራጠራት ይጣላል። በዚያ ክረምት ሌላ ቤት አልታመመም። ይኸው ነው ጥቅሙ፤ የተማረ ሲናገር መስማት አያሳፍርም፣ የሚያሳፍረው አልሰማም ብሎ ሰው ማሳመም ነው።

የልብስ ሰፊዋ ሦስት ልጆች ያን ማታ ጦማቸውን ተኙ። ጠዋት ግን ሦስቱም ተነሡ።