ጣሪያዋ የማይዘጋው ቀይ መኪና

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ገና ሳንነሳ ሴትየዋ ዞር ብላ፣ «አባባ፣ ብርድ እንዳይመታን መስኮቱን ይዝጉልን» አለችኝና ዘጋሁላት።

ባልየው ለእሁድ መንሸራሸሪያ ጣሪያዋ የሚታጠፍ አሮጌ መኪና ሊገዛ ኖሯል።

«ሁለቱንም መኪኖች አየኋቸው» አላት። «ነጯ ጣሪያዋ ደህና ነው፤ ዳገት ግን አትወጣም።»

«ታዲያ በቆጂ እናቴ ጋ በምን ልንደርስ ነው?»

«ለዚህ እኮ ነው ቀይዋን ያልኩሽ። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ዋጋዋም በአቅማችን ነው። የጣሪያዋ ሸራ ብቻ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ መስኮት አስዘግቼ የምሄድ ሴትዮ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ዣንጥላ ትይዣለሽ።»

«አንተ ሹፌር፣ እኔ ዣንጥላ ያዥ። እናቴ ስታየን ምን ትል ይሆን?»

«ትስቃለቻ። አንቺ ካልተሳፈርሽ ግን አልገዛትም። ብቻዬን ምን ልሠራባት?»

የገብሱን ማሳ እያየች ብዙ መንገድ ሄደች።

«ሁለት ጋቢ እንይዛለን» አለችው በመጨረሻ። «አንተም ቁልቁለቱ ላይ ቀስ ትላለህ።»

«እሺ።»

እኔም እጄን ሰደድ አድርጌ መስኮቱን ጣት በሚያህል ከፈትኩት።