ምላጩ ላይ የሚያድረው

ወይዘሮ ጠጄ ልጃቸውን አመተሥላሴን አስከትለው ወደ ቀየት መንደር ሲወርዱ በረዶ ደረሰባቸውና ሮጠው ከደጀ ሰላም ገቡ። እዚያ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዓምደ ሚካኤል፣ በትንሽ ምድጃ ላይ መርፌ ሲቀቅል አገኙት።

«ምነው ልጄ፣ ብረትም ወጥ ሆነ እንዴ?» አሉ እየሳቁ።

ድሬሰሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። «እዚህ ለተጠለለ በሽተኛ ነው፣ እሜቴ። እርስዎስ ወዴት ነዎት?»

«ቀየት ያለውን ወልደ ጻድቅን የወፍ በሽታ ጥሎታል፤ ዋግምት ላግመው ነው። እኔ እበጣለሁ፤ ጥርሴ ስላለቀ ደሙን በቀንድ የምትመጥጠው ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጄ ናት።»

የዓምደ ሚካኤል ፊት ተለወጠ። «ደሙ አፏ ይገባል'ኮ!»

«ይገባላ! እኔ ስንት ዘመን መጥጬ ስተፋ ኖሬ የለም? በሽታው የሌሊት ወፍ በላይ ሲያልፍ የሚመጣ ነው፤ አፍ ምን አገባው?»

«እሜቴ፣ በተማርኩበት ሆስፒታል እግሩ ተሰብሮ ገብቶ፣ እግሩ ሲድን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ብዙ ሰው አይቻለሁ። የሌሊት ወፍ አልገባም፤ በደንብ ያልተቀቀለ መርፌ ነው የገባ። ጥሩሸዋ የምትባል ነርስ ደግሞ የወፍ በሽተኛ የተወጋበት መርፌ ጣቷን ጫር አደረጋት። ወዲያው ምንም አልሆነችም። ወራት ቆይቶ ዓይኗ እርድ መሰለ። ቀበርናት።»

«በአንዲት ጭረት?»

«በዓይን በማትታይ የደም ፍንጣቂ። ደርቃም ትቆያለች፤ ቢጠርጓትም አትለቅም። እኔ ዛሬ ጓንት ሳላጠልቅ ደም አልነካም።»

ወይዘሮ ጠጄ ምላጫቸውን የያዘውን ከረጢት ተመለከቱ። መስከረም ላይ አንድ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው አግመው፣ ምላጩን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ ራሱን ያመመውን ገብረ አማኑኤልንና እህቱን በጥተው ነበር። ለገና ሁለቱም ቢጫ ሆኑ። ያኔ «ወፏ በቤቱ ላይ ዞረችበት» ብለው ነበር የፈረዱ። ያን ሁሉ ወር ተደብቃ የምትጠብቅ ነገር፣ በገዛ ከረጢታቸው!

«እግዚኦ! ታዲያ እኔን ለምን ተወችኝ?»

«ምናልባት ይዛዎት ሳያውቁት አልፋ ይሆናል። ልጅዎን እንደምትተዋት ግን ማን ያውቃል?»

ወይዘሮ ጠጄ ወደሚንተከተከው ውሃ ጎንበስ አሉ። «እሳት ትፈራለች?»

«ውሃው ፈልቶ ብዙ ከቆየ፣ አዎ።»

ታቦት ሲወጣ እንደሚያዩ ሁሉ እንፋሎቱን ቆመው አዩት። ከዚያ ከልጃቸው እጅ ቀንዱን ወሰዱ።

በረዶው ሲያባራ ድሬሰሩን ይዘው ወልደ ጻድቅ ዘንድ ሄዱ፤ ማንም አልበጣውም። ማታውን ቀንዱን አቃጠሉት፤ ምላጩንም ዳግመኛ አላነሱትም። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ራሱን ያመመው ሰው ሌላ በሽታ ሳይጨምር ይድን ጀመር። አመተሥላሴም ጤና ጣቢያ ገብታ ጓንት አጥልቃ መርፌ ትቀቅላለች። ስትመለስ እናቷ ፊቷን ወደ ብርሃን አዙረው ዓይኗን ያያሉ። ነጭ ነው።