ለከርከሮ የተገዛው መነጽር

ከሉማሜ ወደ ማርቆስ በአውቶቡስ ስንሄድ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ ጎረቤቱን ሽማግሌ ያማክራል።

«አያ፣ ለጠመንጃዬ የማነጣጠሪያ መነጽር ልገዛ ነው። ውዱ ይሻላል ወይስ ርካሹ?»

«ለምንህ ነው?»

«ለከርከሮ ነዋ! በቆሎዬን ጨረሰው እኮ።»

«እኔም ለሱ ብዬ ነበር ውዱን የገዛሁት።»

«ታዲያ እንዴት ሆነልዎት?»

«ርካሹ ከገደል ማዶ የቆመው ሰው መሆኑን ያሳይሃል። ውዱ ማን እንደሆነ ያሳይሃል።»

«ከርከሮ ማንም ቢሆን እኔን ምን ቸገረኝ?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ግን ባለቤቴ አየችበት።»

«ምን አዩ?»

«ማዶ የዳርናትን ልጃችንን! በእግር ዞረን እስክንደርስ ቀኑ ይመሻል። በመነጽሩ ግን ሕፃን ልጇን ፀሐይ ስታሞቅ አየቻት።»

«እሰይ!»

«ያን ለት ከጠመንጃው አስፈታችኝ፤ አሁን ከጉያዋ አይለይም። ልጅቱም ይህን ሰምታ ጠዋት ጠዋት ልጁን ከፍ አድርጋ ታሳየናለች፤ እጇን ታውለበልብልናለች።»

«ከርከሮውስ?»

«እሱማ በቆሎዬን እየበላ ወፍሯል።»

«ታዲያ የቱን ልግዛ?»

«ማዶ የተዳረች እህት የለችህም?»

«አለች እንጂ!»

«እንግዲያው ውዱን ግዛ። ለከርከሮው ውሻ ይበቃዋል።»

እኔም በመስኮቱ በኩል ተራራው ላይ ወደሚታዩት ቤቶች ዞሬ፣ ምናልባት በመነጽር የሚያይ ካለ ብዬ እጄን አውለበለብኩ።