ከግራፉ ግርጌ ያሉት ስሞች

(አዳማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ቢሮ፤ ሥራ አስኪያጁ ግዛቸው ከኮድ ጸሐፊው ከመንበሩ ወንበር ጀርባ ቆሞ፣ ነገ ጠዋት ለወተት አምራቾች ዩኒየን የሚያስረክቡትን ድረ ገጽ ያያል።)

ግዛቸው፦ አጥፋው አልኩህ እኮ። ከግራፉ ሥር የተደረደሩትን ስሞች በሙሉ።

መንበሩ፦ ሰምቻለሁ።

ግዛቸው፦ ከሰማህ እጅህ ለምን አይንቀሳቀስም?

መንበሩ፦ የሰዎቹ ስም ነው፣ አቶ ግዛቸው። ግራፉን የሚሥለውን ዝግጁ ኮድ፣ ላይብረሪውን፣ የጻፉት እነሱ ናቸው። ውሰዱ፣ እንደፈለጋችሁ ለውጡት፣ ብትፈልጉ ሽጡት ብለው በነፃ ሰጡን። የጠየቁን አንድ ነገር ነው፤ ስማችንን ከሚታይበት አትፋቁ።

ግዛቸው፦ አንዱ ብራዚል ነው፣ አንዱ ፖላንድ። አዳማ ድረስ መጥተው ሊከሱኝ ነው?

መንበሩ፦ አይመጡም። የሚከብደውም ለዚያ ነው።

ግዛቸው፦ ዛሬ ደግሞ ንስሐ አባት ሆንክብኝ። ዩኒየኑን ምን እንዳልኳቸው ታውቃለህ።

መንበሩ፦ ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሮ ድርጅታችን ራሱ የሠራው ነው ብለዋቸዋል። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ አስናቀች ተነሥተው አጨበጨቡ አሉ።

ግዛቸው፦ ታዲያ ነገ በትልቁ ስክሪን ላይ የፈረንጅ ስም ተደርድሮ ሲያዩ ምን ልበላቸው? የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለው ይሣቁብኝ?

መንበሩ፦ አያደምቅ ከሆነ ለምን አጠለቁት?

ግዛቸው፦ መርጠህ ያመጣኸው አንተ ነህ።

መንበሩ፦ እኔ ነኝ። እርስዎ የወደዱት ሌላው ላይብረሪ ያማረ ነበር፤ በገበሬው ስልክ ላይ ሲከፈት ግን ነጭ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ይህኛው ቀላል ስለሆነ ኔትወርክ በደከመበት ቀበሌም ይከፈታል። ስም እንዳለበት ያኔውኑ ነግሬዎታለሁ። እሱ ለኋላ ይቆየን አሉኝ።

ግዛቸው፦ ይኸው ኋላው ደረሰ።

መንበሩ፦ ለእርስዎ የሰው ስም መፋቅ አዲስ አይደለም።

ግዛቸው፦ ምን ለማለት ነው?

መንበሩ፦ ምንም።

ግዛቸው፦ የውሃ ቢሮው ነገር ነው? እስከ ዛሬ? የልጅ ቂም ነው የያዝከው።

መንበሩ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የውሃ ቢሮውን ፕሮግራም ለብቻዬ ጽፌ ጨረስኩት። የምርቃቱ ዕለት እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ኃላፊው ይህ ደግሞ ማነው ሲልዎ፣ ገመድ የሚዘረጋልን ልጅ ነው አሉት። እየሰማሁ።

ግዛቸው፦ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ጻፈው ብል ሥራውን ይረከቡን ነበር? ለሁለታችንም ብዬ ነው።

መንበሩ፦ ለሁለታችን ብለው ወረቀቱን ቤትዎ ሰቀሉት።

ግዛቸው፦ ተወው እሱን። ነገርን ነገር ያነሣዋል። ቆይ፤ ይሄ ከሁሉም በታች ያለው የማነው? የፈረንጅ ስም አይመስልም።

መንበሩ፦ የኔ ነው።

ግዛቸው፦ አንተ ደግሞ እዚያ ምን ትሠራለህ?

መንበሩ፦ በጳጉሜን ምክንያት ነው። ላይብረሪው አምስቷን ቀን እንደ ሙሉ ወር ይቆጥራት ነበር። ትዝ ይልዎት እንደሆነ፣ የወተቱ መስመር ነሐሴ ድረስ ቀና ብሎ ሄዶ ጳጉሜን ላይ ገደል ገባ። ወይዘሮ አስናቀች ወተት ሰብሳቢውን ሰውዬ ሰርቀሃል ብለው ሊያባርሩት ደርሰው ነበር።

ግዛቸው፦ አስተካከልከው አይደል።

መንበሩ፦ አስተካክዬ ለባለቤቶቹ ላክሁላቸው፤ ሌላ ሐበሻም እንዳይሳሳትበት ብዬ። ማነህ፣ የት ተማርክ አላሉኝም። ኮዱን አዩና እዚህ ጋ ጎድሏል አሉኝ። ሞላሁት። ተቀበሉኝና ስሜን ከስማቸው ሥር ጻፉት። በሠራሁት ሥራ ላይ ስሜን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ግዛቸው፦ ለኔ ሳትነግረኝ።

መንበሩ፦ ብነግርዎ በማን ስም ይላክ ነበር?

ግዛቸው፦ መንበሩ፣ ስማኝ። ይኸው ወንበር ስቤ አጠገብህ ተቀመጥሁ።

መንበሩ፦ እኔ የምፈራዎት ሲቀመጡ ነው።

ግዛቸው፦ ያንተን አታጥፋ። የነሱን አንሣና ያንተን ብቻ ተወው።

መንበሩ፦ ብቻዬን?

ግዛቸው፦ ብቻህን። ነገ ራሴ መድረክ ላይ እጠራሃለሁ። ግራፉን የሠራው የኛው መንበሩ ነው እላለሁ። የዞኑ ሰዎች ይመጣሉ፣ ቴሌቪዥንም ጠርተናል።

መንበሩ፦ ግራፉን እኔ አልሠራሁትም። የጨመርኩበት አምስት ቀን ነው።

ግዛቸው፦ ማን ይለየዋል?

መንበሩ፦ እኔ አውቀዋለሁ።

ግዛቸው፦ የውሃ ቢሮውንም ታውቀው ነበር። ማወቅህ ምን ጠቀመህ?

መንበሩ፦ ብራዚል ያለው ሰውዬ ነው ኮዴን መስመር በመስመር ያነበበልኝ። ሲጨርስ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ጻፈልኝ።

ግዛቸው፦ ደግ ሰው ነው፣ ዕድሜ ይስጠው። ነገ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የለም። እናትህ በቴሌቪዥን ታይሃለች። ሰፈርህ ያይሃል። ትምህርት አይዘልቀውም ያሉህ ሁሉ ያዩሃል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ አንተ እኮ ገና አልተሾምክም።

መንበሩ፦ የአዳራሹ ስክሪን ትልቅ ነው?

ግዛቸው፦ ግድግዳውን የሚሸፍን ነው።

መንበሩ፦ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ያነበዋል?

ግዛቸው፦ ፊደሉን እንዳሻህ አግዝፈው። መንበሩ ብለህ ጻፍና እንገላገል።

መንበሩ፦ ይኸው፣ የነሱን አነሣሁ። መንበሩ ብቻማ አይሆንም። ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ነው የምጽፈው።