የማሳው ራስ የማን ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር አለቃችን ሚስተር ግሪንስሌድ፣ የሊንከንሸር የመሬት ልኬት ቢሮ ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ ለስንብቴ ስለተሰበሰባችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ኬኩን ኢዲት ራሷ ነች የጋገረችው አሉ። ለድፍረቷ ለብቻው አመሰግናታለሁ።

ኢዲት ትናንት፣ "ሄስተር፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ?" አለችኝ። "ቃላት" አልኳት።

እናንተ ወጣቶቹ በሜትር ትለካላችሁ፤ ደግ ነው። ድሮ ግን ኤከር ማለት ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነበር። ፈርሎንግም በሬዎቹ ሳያርፉ የሚያወጡት የትልም ርዝመት ነው። ሄድላንድ፣ የማሳው ራስ የምንለው፣ ማሳ ጫፍ ላይ ሳይዘራ የሚተወው መሬትስ? በዚያች ቃል ጎረቤታሞች ሊካሰሱ ሲሉ ደርሻለሁ።

ፈረስ ገና ከእርሻ ባልወጣበት ዘመን ነው። ሚስተር ሃላም የሚባል የከተማ ሰው ስካርዝቢ መንደር መጥቶ መሬት ገዛ። ገዝቶም ሄድላንዱን አጠረ። አጥሩ የሚስዝ ዶርካስ ቲንዳል ማሳ ጫፍ ላይ ገጠመ። ዶርካስ ባሏ ሞቶባት በሁለት ፈረሶች የምታርስ ሴት ነበረች። በአጥሩ ምክንያት ማረስ ካቃታት መሬቷን መሸጧ ነው።

ለክተሽ ነይ ተብዬ ሄድኩ። ካርታው ሄድላንዱን ለማንም አልሰጠውም።

"ራስ ማለት ዋና ማለት አይደል? ባዶ ከሆነ ደግሞ ላጠረው ነው" አለ ሃላም።

"ሰማዩም ባዶ ነው፤ እጠረዋ!" አለች ዶርካስ።

እኔ የመለኪያ ገመዴን መጠቅለል ጀመርኩ። እሷ ግን የፈረሶቿን ልጓም ለሃላም አስጨበጠችው። "በል፣ አንድ ትልም አውጣልኝ።"

ኩሩ ሰው ነውና እምቢ አላለም። ትልሙ እንደ እባብ ተጣመመ፤ ቢሆንም ጫፍ ደረሰ። እዚያ ፈረሶቹ አጥሩ ጋ ቆሙ። በቀኝ የጎረቤት ባቄላ፣ በግራ የሌላ ሰው ስንዴ።

"ባቄላዬን ብትረግጥ ዋ!" ብሎ ጮኸ ባለባቄላው።

ሃላም ላቡን ጠረገ። "ባልሽ ፈረሶቹን የት ነበር የሚያዞረው?"

"አንተ ካጠርከው ላይ። ሁላችንም እዚያ ነው የምናዞረው። ለዚህ ነው የማንም ያልሆነው።"

ልጓሙን መለሰላትና ቤቱ ገባ። "በቃ፣ ጠበቃ ሊያመጣ ነው" ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ ስሄድ ካፖርቱን አውልቆ እንጨቶቹን አንድ በአንድ ሲነቅል አገኘሁት። ዶርካስ አብራው ትነቅላለች፤ እየነቀለችም ትሰድበዋለች። በኋላ ዳሌዋ ተሰብሮ የተኛች ጊዜ ማሳዋን ያረሰላት እሱ ነው። ትልሙ ያኔም ጠማማ ነበር፤ እሷም በመስኮት እያየች መሳደቧን አልተወችም።

እንግዲህ ልሂድ። አብሬያችሁ በጭቃ ስለተመላለስኩ ደስ ይለኛል። ቢሯችሁ ይሙቅ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እየተሳደበም ቢሆን አብሯችሁ የሚቆም ጎረቤት አያሳጣችሁ።