የሦስት ሳምንት ጸጥታ

ለፈተና ስንት ሰዓት ማጥናት ይበቃል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ እባካችሁ እኔን ተዉኝ። አስተማሪያችን "አንድ ሰዓት ክላስ ከተማራችሁ ሁለት ሰዓት ለብቻችሁ አጥኑ፤ አለዚያ ፈተናውን እርሱት" ብላን ነበር። ለብቻ? አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ፣ አራት ወንዶች በአንድ ጠባብ አፓርትመንት ነበርን። የካርታ ጨዋታው፣ ሬዲዮው፣ የስልኩ ጩኸት! የነርስነት ፈተናዬ ሲቃረብ ዝም በሉልኝ ብዬ ብለምናቸው ማን ሰምቶኝ።

አንድ እሑድ ግን ቤቱ በድንገት ጸጥ አለ። ታላቃችን ጋሽ ተሰማ ስልኩን ነቅለው "ተበላሽቷል" አሉኝ። ሳህን የማጠብ ተራዬንም ወሰዱልኝ። ከሥራ ሲመለሱ ሁሉም ተያይዘው ኮንኮርድ ከተማ፣ አክስቴ ቤት ይሄዳሉ፤ "አንተ ስተዲ አድርግ" ይሉኛል። በመጨረሻ ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ። እንዲያውም አንድ ቀን "ምነው ጋሼ፣ ቤታችን ሁሌ እንዲህ በሆነ!" ብላቸው፣ ኮታቸውን አንስተው ወጡ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አጥንቼ ተፈተንኩ። ስመለስ ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፤ አክስቴም አለች። እንኳን ደስ አለህ ሊሉኝ የመጡ መስሎኝ ከበሩ ላይ "በደንብ ሠራሁት!" አልኩ።

"ቁጭ በል ልጄ" አሉ ጋሽ ተሰማ። "እናትህ ካረፉ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ፈተናህ እንዳይበላሽ ብለን ነው።"

ለካ እኔ ቤቱ ጸጥ አለልኝ ብዬ ስደሰት፣ እነሱ ኮንኮርድ እየሄዱ ለእናቴ ሲያለቅሱላት ከርመዋል።