ቅንጨ አረም ለሙሽራ

አውራ ጎዳና በሚያቋርጣት ከተማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ በፋንታዬ የአበባ ሱቅ ጓሮ፣ የከተማው የተክል ባለሙያ ጋሽ ነገዎ ዶማ ይዘው ቆመዋል።

ፋንታዬ፦ ጋሽ ነገዎ፣ በልጆችዎ አምላክ፣ ዶማውን ያስቀምጡ!

ነገዎ፦ ልጆቼም ቢመጡ ዶማ ይዘው ነው የሚመጡት። ዘወር በይ።

ፋንታዬ፦ ነገ ሰርግ አለብኝ እኮ! የሙሽራዋ እቅፍ፣ የሃያ ጠረጴዛ ጌጥ፣ ሁሉም የሚሞላው በዚህ ነጭ አበባ ነው። ሙሽራ ባዶ እጇን ከወጣች ማን ዳግመኛ ሱቄን ይረግጣል?

ነገዎ፦ አበባ አይደለም አልኩሽ፣ ቅንጨ አረም ነው። ማሳ ይወርሳል፣ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል፣ የነካውን ሰው ያሳክካል።

ፋንታዬ፦ ቅንጨ የገበሬ አረም ነው። የኔው የውጭ ነው!

ነገዎ፦ ቅንጨስ የአያትሽ ጓሮ ተወላጅ መሰለሽ? እሱም ባሕር ተሻግሮ፣ በሰው ዕቃ ተደብቆ ነው የገባው። ያንቺው በምን መጣ?

ፋንታዬ፦ ከውጭ ካስመጣሁት የአበባ ማስቀመጫ ጋር። ሸክላው እንዳይሰበር ሣጥኑ ውስጥ ደረቅ ሣር ጠቅጥቀውበት ነበር። ሣሩን እዚህ ደፋሁት፣ ዝናብ ሲጥል በቀለ። ነጋዴው ምርቃት የጨመረልኝ ነበር የመሰለኝ።

ነገዎ፦ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ፋንታዬ፦ ጭራሽ በሬ አሉኝ?

ነገዎ፦ በሬስ ቀምሶ ይተፋዋል። ክንድሽን ምን ሆነሽ ነው የምታኪው?

ፋንታዬ፦ ትንኝ ነው።

ነገዎ፦ በዚህ ፀሐይ?

ፋንታዬ፦ የቀን ተረኛ ትንኝ ናት።

ነገዎ፦ ነገ ሙሽራዋ አንገቷን እያከከች ቀለበት ስታደርግ፣ ዘመድ ሁሉ «ምን ይዟት ነው?» ሲል የማን ስም ይነሳል?

ፋንታዬ፦ እሺ፣ በምን ልተካው? አንድ ቀን ነው የቀረኝ! ሰኞ ይንቀሉት።

ነገዎ፦ ዘሩ ሰኞን አይጠብቅም። አንዱ ብቻውን በሺህ ነው የሚበትነው፤ እነዚያ ከፊትሽ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች በጎማቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ሳይቃጠል በቅጠል!

ፋንታዬ፦ ይንቀሉ እንግዲህ። ግን ሲጨርሱ ዶማውን እንደያዙ ወደ አደባባዩ ይለፉ።

ነገዎ፦ አደባባዩ ደግሞ ምን ሆነ?

ፋንታዬ፦ ባለፈው ወር ከቢሮዎ ሰዎች መጥተው ከዚሁ ሁለት መቶ ችግኝ ወስደዋል። ለከተማ ማስዋቢያ።

ነገዎ፦ የትኛው ደንቆሮ ነው የፈቀደው?

ፋንታዬ፦ ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። «ለከተማችን ተስማሚ» ይላል፤ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ።

ነገዎ፦ የኔ? ...በየቀኑ የሚከመርልኝን ወረቀት ማን አንብቦ ይጨርሰዋል!

ፋንታዬ፦ አይጨነቁ። ስብሰባ ላይ ያነቡልዎታል።

ነገዎ፦ ፋንታዬ፣ ልጄ... ለሃያ ጠረጴዛና ለአንድ ሙሽራ ስንት ጽጌረዳ ይበቃል?

ፋንታዬ፦ መቶ ሃያ ቢሆን። ዛሬ ከየት ይመጣል?

ነገዎ፦ መቀስሽን ያዢ። ባለቤቴ ከገበያ ሳትመለስ አጥሯ ላይ ያለውን ጽጌረዳ ሁሉ ሙልጭ አድርገን እንቁረጠው።